በገዳም ውስጥ የተነሣ ሙግት፤ የሜክሲኮዋ ባለቅኔ እኅት ሁዋና ኢኔስና የሴቶች የመማር መብት

መግቢያ

ስለ ሴቶች መብት የሚጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፈረንሳይ አብዮት፥ ወይም በእንግሊዝና በአሜሪካ ሴቶች የምርጫ ድምፅ እንዲሰጣቸው ከታገሉበት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። እንዲህ ያለው አጀማመር ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው። ሴት መማር፥ መጻፍና በዕውቀት ነገር መከራከር ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለው ጥያቄ ከዚያ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፥ ያውም በሸንጎ ሳይሆን በገዳም ውስጥ፥ በብርቱ ተነሥቶ ነበርና ነው። ጥያቄውን ካነሡት አንዷ ሶር ሁዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩስ የምትባል የሜክሲኮ መነኩሲት ናት። «ሶር» በእስፓንያ ቋንቋ «እኅት» ማለት ሲሆን ለመነኩሲቶች የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ «ዴ ላ ክሩስ» ደግሞ በእኛ አነጋገር «ዘመስቀል» እንደ ማለት ነው።

ዶሮቲ ሾንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1925 ባወጣችው ጽሑፍ ሁዋናን በአዲሱ ዓለም ከተነሡት የሴቶች መብት ተከራካሪዎች የመጀመሪያዋ አድርጋ አቅርባታለች። ከዚያ ወዲህ ይህ ስም በብዙ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይገኛል። ነገር ግን አንድን ስም መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ ለሰውየዋ የሚስማማ መሆኑን ማሳየት ደግሞ ሌላ ነው። ሁዋና ማኅበር አላቋቋመችም፤ ሕግ እንዲለወጥም አልጠየቀችም። እንግዲህ በዘመኗ ለወንድና ለሴት ተከፍሎ የነበረውን የኑሮ ድርሻ የተቃወመችው በምን መንገድ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ጸሓፊው እንደሚያምነው የሁዋና ኃይል የተገኘው አዲስ ትምህርት ከውጭ በማምጣት ሳይሆን፥ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚመኩባቸውን መጻሕፍት ራሳቸውን ለምስክርነት በመጥራት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩ ዘመኑና አገሩ

በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሜክሲኮ «አዲሲቱ እስፓንያ» ተብላ የምትጠራ የእስፓንያ ንጉሥ ግዛት ነበረች። የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በ1521 በእስፓንያውያን እጅ ከወደቀች በኋላ በፍርስራሿ ላይ የሜክሲኮ ከተማ ተሠራች። አገሩን ከማድሪድ የሚላክ እንደራሴ ያስተዳድር ነበር። ከእንደራሴው ጎን ለጎን ሊቀ ጳጳሱ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። የሃይማኖት ጉዳይ መርማሪው ፍርድ ቤት፥ ኢንኩዊዚሲዮን የሚባለው፥ በመጻሕፍትና በአነጋገር ላይ ዓይኑን ጥሎ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር ስለ ሃይማኖት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ብዕሩን የሚያነሣው በጥንቃቄ ነበር።

የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ በንጉሡ ትእዛዝ የተመሠረተው በ1551 ነው። በሩ ግን የተከፈተው ለወንዶች ብቻ ነበር። ሴቶች ልጆች ትምህርት የሚያገኙት «አሚጋ» በተባሉ ትንንሽ ቤቶች ሲሆን፥ እዚያም አንዲት ሴት በመኖሪያዋ ፊደልንና ስፌትን ታስተምራቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለተከበረ ቤተ ሰብ ልጅ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርላታል፤ ወይ ባል ማግባት፥ ወይ ገዳም መግባት። ለሁለቱም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለባል ጥሎሽ እንደሚከፈል ሁሉ ለገዳምም ይከፈል ነበርና።

እዚህ ላይ «ገዳም» ስንል አንባቢው ከከተማ ርቆ በጫካ ወይም በተራራ ላይ ያለ የተባሕትዎ ቦታ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። ሁዋና የኖረችበት የሳን ሄሮኒሞ፥ ማለት የቅዱስ ሄሮኒሞስ፥ ገዳም በ1585 የተመሠረተና በከተማው መካከል የሚገኝ ነበር። መነኩሲቶቹ ከግቢው መውጣት ባይፈቀድላቸውም የየራሳቸው ቤት፥ አገልጋይና ገንዘብ ነበራቸው፤ በእንግዳ መቀበያው ክፍልም ከጎብኚዎች ጋር ይነጋገሩ ነበር። ልጃገረዶችንም ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። ይህን ካላወቅን አንዲት መነኩሲት እንዴት አድርጋ ቤተ መጻሕፍት ልታደራጅና ለቤተ መንግሥት በዓል ቲያትር ልትጽፍ እንደ ቻለች አይገባንም።

፪ ከልደቷ እስከ ምንኩስናዋ

ሁዋና የተወለደችው ከፖፖካቴፔትል ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሳን ሚጌል ኔፓንትላ ነው። የመጀመሪያውን የሕይወት ታሪኳን የጻፈው ዲዬጎ ካዬኻ የተባለ ካህን የተወለደችበትን ዓመት 1651 ያደርገዋል፤ በ1648 የተጻፈ አንድ የክርስትና መዝገብ ግን ኢኔስ የምትባል «የቤተ ክርስቲያን ልጅ» መጠመቋን ይመሰክራል፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎችም ይህ መዝገብ የእርሷ እንደ ሆነ ይቀበላሉ። «የቤተ ክርስቲያን ልጅ» የሚባለው ወላጆቹ በሕግ ያልተጋቡ ልጅ ነው። እናቷ ኢሳቤል ራሚሬስ ከሁለት ወንዶች ስድስት ልጆች ወልዳለች፤ ከሁለቱም ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልተጋባችም። ይህች ሴት ፊርማዋን እንኳ መጻፍ ሳትችል ፓኖአያን የተባለውን ሰፊ የእርሻ ቦታ ለብዙ ዓመታት ራሷ አስተዳድራለች። እንግዲህ ሁዋና ገና በልጅነቷ፥ ሴት የቤት ኃላፊነት ልትሸከም የምትችል መሆኗን ያየችው በመጽሐፍ ሳይሆን በእናቷ ነው።

ስለ ልጅነቷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በ1691 ራሷ ከጻፈችው ደብዳቤ ነው። በሦስት ዓመቷ ታላቅ እኅቷን ተከትላ ወደ አሚጋው ቤት ሄዳ፥ መምህርቲቱን እናቴ ልከሽ አስተምሪያት ብላለች ብላ አሳምና ፊደል ተማረች። አይብ መብላት ያደነዝዛል ሲባል ሰምታ አይብ መብላት ተወች። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆናት የወንድ ልብስ አልብሳ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንድትልካት እናቷን ለመነቻት፤ ይህ ሲከለከል የአያቷን መጻሕፍት ታነብ ጀመር። ላቲን በምትማርበት ጊዜ ጠጉሯን ትቆርጥና ጠጉሩ መልሶ እስኪያድግ ድረስ ያሰበችውን ትምህርት ካልጨረሰች እንደ ገና ትቆርጠው ነበር፤ ምክንያቱም ዕውቀት የሌለበት ራስ በጠጉር ማጌጥ እንደማይገባው ታምን ነበር። የላቲን ትምህርቷ ከ20 የማይበልጥ ጊዜ ብቻ እንደ ነበረ ትናገራለች፤ የቀረውን በራሷ ደረሰችበት።

በ1664 ማንሴራ የተባለው መኰንን እንደራሴ ሆኖ ሲመጣ ሁዋና በባለቤቱ በሌኦኖር ካሬቶ ዘንድ በደንገጡርነት ቤተ መንግሥት ገባች። ካዬኻ ከእንደራሴው አፍ እንደ ሰማው፥ የልጅቱ ዕውቀት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ወይስ በጥናት የተገኘ ነው ተብሎ 40 የሚያህሉ ሊቃውንት ተሰብስበው ፈተኗት፤ ለሁሉም መለሰችላቸው። ይህ ታሪክ በአድናቆት የተነገረ ስለ ሆነ ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አንድ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም የተማረች ሴት በዚያ ዘመን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ተአምር ትታይ እንደ ነበረ ነው። ተአምር ደግሞ ይደነቅበታል እንጂ ሌሎች እንዲከተሉት አይደረግም።

በ1667 ወደ ቀርሜሎሳውያት ገዳም ገባች፤ ሥርዓቱ እጅግ የከበደ ስለ ነበረ ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣች። ከዚያም በሳን ሄሮኒሞ ገብታ የካቲት 24 ቀን 1669 መሓላዋን ፈጸመች። ምክንያቷን ሳትደብቅ ጽፋዋለች። ለትዳር ፍጹም ዝንባሌ ስላልነበራት ገዳም ከቀሩት መንገዶች ሁሉ የተሻለው እንደ ሆነ አየች። የልቧ ፍላጎት ብቻዋን ኖራ ማንም ሳያውካት ማጥናት ነበር፤ ይህ ግን ለሴት የተፈቀደ ኑሮ አልነበረም። ስለዚህ ምንኩስናዋ ለእምነቷ ብቻ ሳይሆን ለመጻሕፍቷም መጠጊያ ሆነላት። በገዳሙ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሒሳብ ሹም ሆና ሠርታለች፤ የሰበሰበቻቸው መጻሕፍት ካዬኻ እንደሚለው እስከ 4,000 ይደርሱ ነበር።

፫ በግጥሞቿ ውስጥ ያለው ተቃውሞ

ሁዋና የጻፈችው የግጥም ዓይነት ብዙ ነው፤ የፍቅር ግጥም፥ የውዳሴ ግጥም፥ የቲያትር ድርሰትና በቤተ ክርስቲያን በዓላት የሚዘመር መዝሙር። በ1680 ለአዲሱ እንደራሴ አቀባበል በካቴድራሉ ፊት ለቆመው የደስታ በር ንድፉንና ጽሑፉን ያዘጋጀችው እርሷ ናት። የእንደራሴው ሚስት ማሪያ ሉዊሳ የፓሬዴስ ኰንቴስ የቅርብ ወዳጇ ሆነች፤ በ1689 የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፏ በማድሪድ የታተመው በዚህች ሴት ጥረት ነው። የአንዲት መነኩሲት ግጥም ባሕር ተሻግሮ የታተመው በሌላ ሴት ረዳትነት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከግጥሞቿ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ወንዶችን የምትወቅስበት ነው። የክርክሩ አካሄድ እንደ ሕግ ዐዋቂ ሙግት ነው። ወንዶች ሴትን እንድትስት ይለምኗታል፤ ስትስት ይሰድቧታል። እምቢ ስትል ጨካኝ ናት ይላሉ፤ እሺ ስትል ደግሞ ባለጌ ናት ይላሉ። ታዲያ በየትኛው ጠባይዋ ልታስደስታቸው ትችላለች? ግጥሙ ከዚህ አልፎ በገንዘብ ስለሚፈጸም ኃጢአት ሲናገር፥ ገንዘብ ተቀብላ ከምትበድለው ሴትና ለመበደል ብሎ ገንዘብ ከሚከፍለው ወንድ ማንኛው ይበልጥ ጥፋተኛ እንደ ሆነ ይጠይቃል። አዲሱ ነገር ሴት ንጹሕ ናት ማለቱ አይደለም፤ ዳኛውና ተካፋዩ አንድ ሰው እንደ ሆነ ማሳየቱ ነው። በማንኛውም አገር ባለ ሸንጎ ከተከሳሹ ጋር አብሮ ያጠፋ ሰው በዳኝነት ሊቀመጥ አይችልም፤ በወንድና በሴት መካከል ግን ይህ ደንብ ሳይሠራበት ኖሯል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፔሩ አገር ለጻፈላት አንድ መኰንን የሰጠችው መልስ ነው። ሰውየው የሸክላ ዕቃ ስጦታ ልኮላት፥ እንዲህ ያለ ችሎታ ካላት ወደ ወንድነት ብትለወጥ ይሻል እንደ ነበር በቀልድ ይመክራታል። እርሷም በቀልድ አነጋገር ትመልስለታለች፤ በቀልዱ ውስጥ ግን ከባድ ነገር አለ። ወደዚህ ገዳም የገባችው ሴት መሆኗን ማንም እንዳይመረምር እንደ ሆነ፥ ባል የሌላት ሰውነቷም ለነፍስ ማደሪያ እንጂ ወደ አንዱ ጾታ የሚያዘነብል እንዳልሆነ ትናገራለች። የሰውየው ምክር ችሎታ የወንድ ነው ከሚል አሳብ የተነሣ ነው፤ መልሷ ይህን መነሻ ራሱን ያፈርሰዋል። ነፍስ ወንድ ወይም ሴት ካልሆነች፥ ዕውቀትም የነፍስ ሥራ ከሆነ፥ ዕውቀት ጾታ የለውም ማለት ነው።

በ1683 በታየው የቲያትር ድርሰቷ ውስጥ ደግሞ ካስታኞ የሚባለው አሽከር ለማምለጥ ብሎ የሴት ልብስ ይለብሳል፤ ወዲያው ወንዶች ይከተሉት ጀመር፤ የሚሉትንም የፍቅር ቃል እርሱ በሴት ቦታ ቆሞ ይሰማዋል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ነገር ግን ወንዱ ሴት ሆኖ አንድ ሰዓት ሲውል ሴት በየቀኑ የምትሰማውን ነገር ይማራል።

እዚህ ላይ የአሳቧን ወሰን ሳይጠቅሱ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በበዓል መዝሙሮቿ ውስጥ የአገሩን ተወላጆች ቋንቋ፥ ናዋትልን፥ እንዲሁም የጥቁር ባሮችን አነጋገር አስገብታለች፤ ድምፃቸው በካቴድራል እንዲሰማ አድርጋለች። ይሁን እንጂ እርሷ ራሷ እናቷ የሰጠቻት ባሪያ ነበረቻት፤ በ1684 ለእኅቷ ሸጠቻት። ለሴቶች የጠየቀችው የመማር መብት መነኩሲቶችን የምታገለግለውን ሴት ጭምር እንዲያጠቃልል አላደረገችም። ይህን ያህል የሰላ አእምሮ የዘመኑን ሁሉ ቀንበር በአንድ ጊዜ ሊያይ አለመቻሉ ታሪክ አጥኚውን ሊያስተምረው ይገባል።

፬ «ሕልም» ስለሚባለው ረጅም ግጥም

ሁዋና በሌሎች ጥያቄና ትእዛዝ ሳይሆን በራሷ ፈቃድ የጻፈችው «ሕልም» የተባለውን ብቻ እንደ ሆነ ትናገራለች። ግጥሙ 975 ስንኝ አለው፤ የታተመው በ1692 በሴቪል በወጣው በሁለተኛው መጽሐፏ ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሌሊት ይወርዳል፤ ፍጥረት ሁሉ ይተኛል፤ ከሰውነት ሥራ የተፈታችው ነፍስ ወደ ከፍታ ወጥታ ዓለምን ሁሉ በአንድ እይታ ልትረዳ ትሞክራለች። ብዛቱ ያሸንፋታል። ከዚያም በሥርዓት፥ ከድንጋይ ወደ አትክልት፥ ከአትክልት ወደ እንስሳ፥ ከእንስሳ ወደ ሰው እየወጣች ልትመረምር ትጀምራለች፤ ነገር ግን የአንዲት ምንጭ አካሄድ ወይም የአንዲት አበባ አፈጣጠር እንኳ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ታገኘዋለች። ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ የፀሐይን ሠረገላ ልነዳ ብሎ የወደቀውን የግሪኮችን ፋኤቶን ታስባለች፤ ውድቀቱ ደፋሮችን እንደማያስፈራ፥ እንዲያውም እንደሚያበረታታ ትናገራለች። በመጨረሻ ይነጋል፤ ሕልመኛዋም ትነቃለች።

በዚህ ሁሉ ስንኝ ውስጥ ሕልሙን ያየው ሰው ወንድ ይሁን ሴት በቀጥታ አይገለጥም። የሚገለጠው በመጨረሻው ቃል ነው። በአማርኛ «ነቃሁ» ሲባል ተናጋሪው ወንድ ወይም ሴት መሆኑ አይለይም፤ በእስፓንያ ቋንቋ ግን የነቃውን ሰው የሚገልጠው ቅጽል በወንድና በሴት ይለያል። ሁዋና ግጥሙን የዘጋችው በሴት ቅጽል ነው። አንባቢው እስከዚያ ድረስ የተከተለው የሰው ልጅ አእምሮ በጠቅላላው ይመስለዋል፤ እንዲህ መስሎትም አልተሳሳተም። መጨረሻ ላይ ግን ያ የሰው ልጅ አእምሮ የሴት እንደ ሆነ ይማራል። ስለ ሴቶች አንድ ቃል ሙግት ሳይናገር ይህ ግጥም ከወቀሳው ግጥም የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ ሴት ስለ ራሷ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ስለ ፍጥረት ሁሉ ልታስብ እንደምትችል አድርጎ ያሳያልና።

፭ የ1690 ክርክር

በ1690 ሁዋና ስለ አንድ ስብከት የጻፈችው ትችት ታተመ። ስብከቱ የአንቶኒዮ ቪየይራ ነበር፤ ይህ ሰው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን ከገቡት ካህናት ማኅበር፥ ከኢየሱሳውያን፥ የሆነ ታላቅ የፖርቱጋል ሰባኪ ነው። ቪየይራ ክርስቶስ በሕይወቱ መጨረሻ ካሳየን የፍቅር ሥራ የትኛው እንደሚበልጥ ሲያስረዳ፥ የአውግስጢኖስን፥ የቶማስ አኲናስንና የዮሐንስ አፈ ወርቅን አሳብ ተችቶ ከእነርሱ የሚሻል እንደሚያመጣ ተናግሮ ነበር። ሁዋና አባቶችን ደግፋ የቪየይራን አመክንዮ በየነጥቡ አፈረሰች።

ጽሑፉን ያሳተመው የፑዌብላ ጳጳስ ማኑዌል ፈርናንዴስ ዴ ሳንታ ክሩስ ነው። «ለአቴና የተገባ ደብዳቤ» የሚል ስም ሰጠው፤ በመግቢያውም ላይ ፊሎቴያ የተባለች መነኩሲት ሆኖ አንድ መልእክት ጻፈላት። መልእክቱ ችሎታዋን ያደንቃል፤ ወዲያውም ዓለማዊውን ትምህርት ቀንሳ ለመንፈሳዊው እንድታደላ ይመክራታል። እንግዲህ አንድ ጳጳስ የአንዲት መነኩሲትን የነገረ መለኮት ክርክር አሳትሞ፥ በዚያው መጽሐፍ ክርክሩን እንድትቀንስ መከራት፤ ያውም የሴት ስም ለብሶ። ካስታኞ በቲያትሩ ያደረገውን ጳጳሱ በደብዳቤ አደረገው ማለት ነው።

ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም። የንስሐ አባቷ አንቶኒዮ ኑኜስ ግጥም በመጻፏ ለሰው ሁሉ ይከሳት ነበር። በ1980 በሞንቴሬይ ከተማ የተገኘ የደብዳቤ ግልባጭ እንደሚያሳየው፥ ከ1690 አስቀድማ ለዚህ ካህን ጽፋ፥ ሴት እንደ ወንድ ነባቢት ነፍስ ካላት ማጥናቷ በማን ሕግ እንደ ተከለከለ ጠይቃዋለች፤ የንስሐ አባትነቱንም ትታለች። ስለዚህ የኋላው መልሷ በአንድ ሌሊት የታሰበ አይደለም።

፮ ለፊሎቴያ የሰጠችው መልስ

መልሷ መጋቢት 1 ቀን 1691 የተጻፈ ነው። በትሕትና ይጀምራል፤ ትሕትናው ግን መከላከያ ጋሻ ነው። በመጀመሪያ የዕውቀት ፍላጎቷን እግዚአብሔር የፈጠረባት እንደ ሆነ ታስረዳለች። አንዲት እመ ምኔት ማጥናት የኢንኩዊዚሲዮን ጉዳይ ነው ብላ መጻሕፍት በከለከለቻት ሦስት ወር ውስጥ መጽሐፍ ባትነካም ፍጥረትን ከመመርመር አላረፈችም። ሕፃናት በሽክርክሪት ሲጫወቱ አይታ ዱቄት አስነስንሳ የሚተወውን ፈለግ ተመለከተች። በማድ ቤት ውስጥ እንቁላል በቅቤ ሲጠበስ እንደሚያያዝ፥ በቀለጠ ስኳር ውስጥ ግን እንደሚበታተን አስተዋለች። አርስጣጣሊስ ወጥ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ከጻፈው የበለጠ በጻፈ ነበር ስትልም ትቀልዳለች። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ማድ ቤት ለሴት የተተወው ዕውቀት የማይገኝበት ቦታ ነው ተብሎ ነበር፤ እርሷ ግን በዚያው ቦታ የተፈጥሮ ምርመራ አደረገችበት።

ቀጥላ ምስክሮቿን ትጠራለች። በሕዝብ ላይ የፈረደችውን ዲቦራን፥ አስቴርን፥ የነቢዩ የሳሙኤልን እናት ሐናን ትጠቅሳለች። ንግሥተ ሳባንም ትጠቅሳለች፤ ይህችን ንግሥት እኛ በክብረ ነገሥት ማክዳ ብለን እናውቃታለን። ሁዋና የምታነሣው ነጥብ ንግሥቲቱ የጥበበኞችን ጥበበኛ በእንቆቅልሽ መፈተኗን፥ በዚህም አለመወቀሷን፥ እንዲያውም በወንጌል የማያምኑ ሰዎች ፈራጅ እንደምትሆን መነገሩን ነው። በክብረ ነገሥት ደግሞ ያችው ንግሥት ጥበብን ፈልጋ እጅግ ከደከመች በኋላ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ ትደነግጋለች። አንድ ታሪክ ለሁለት ተቃራኒ ነገር ምስክር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል፤ ነገሩ የሚወሰነው ምስክሩን ማን እንደ ጠራውና ምን ብሎ እንደ ጠየቀው ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ከአረማውያን ሂፓቲያን፥ ከክርስቲያኖች የእስክንድርያዋን ካተሪናን ታመጣለች። ዋነኛው ምስክሯ ግን የገዳሟ ጠባቂ ቅዱስ ሄሮኒሞስ ነው። ይህ አባት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ሲተረጕም ጳውላ የምትባል ሮማዊት ከልጇ ከኤውስቶክዩም ጋር ትረዳው ነበር፤ ለሌላዪቱም ለሌታ የሴት ልጇን የትምህርት ሥርዓት ጽፎላታል። በሄሮኒሞስ ስም የምትጠራ መነኩሲት ማጥናት ከተከለከለች ሄሮኒሞስ ራሱ ይወቀስ!

ከሁሉ የከበደው ሐዋርያው ጳውሎስ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ዝም እንዲሉ ያዘዘበት ቃል ነው። ሁዋና ቃሉን አትክድም፤ ትተረጕመዋለች። የተከለከለው በሕዝብ ፊት በመንበር ላይ ማስተማር እንጂ በግል ማጥናትና መጻፍ አይደለም ትላለች፤ ለዚህም ሁዋን ዲያስ ዴ አርሴ የተባለውን የሜክሲኮ የነገረ መለኮት ሊቅ ትጠቅሳለች። ጳውሎስ ራሱ ለቲቶ ሲጽፍ አሮጊቶች ጐበዛዝት ሴቶችን እንዲያስተምሩ አዝዟል፤ ሳይማሩ ደግሞ ማስተማር አይቻልም። ከዚህ ላይ አንድ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ታነሣለች። የተማሩ አሮጊቶች በመታጣታቸው አባቶች ልጆቻቸውን ለወንድ መምህር ለመስጠት ይገደዳሉ፤ ከዚህም ብዙ ጉዳት ይደርሳል፤ ጉዳቱን የሚፈሩትም ልጆቻቸውን በድንቍርና ይተዋሉ። እንግዲህ የሴቶች መማር የሴቶችን ክብር ያጎድላል ለሚሉት፥ ክብራቸውን የሚያጎድለው አለመማራቸው እንደ ሆነ አሳየቻቸው።

ሁዋና በዚህ መልስ ያቆመችው ደንብ ለወንዶችም ይሠራል። የትርጓሜ ሥራ ለወንድ ሁሉ በወንድነቱ የተፈቀደ፥ ለሴት ሁሉ በሴትነቷ የተከለከለ ሊሆን አይገባም፤ ችሎታና ምግባር ላለው ይፈቀድ፥ ለሌለው ይከልከል ትላለች። ይህ አሳብ ከደብዳቤው ሁሉ የጠለቀው ነው። የሴቶችን ድርሻ ለማስፋት ከመጠየቅ አልፎ፥ ድርሻው የሚከፈልበትን መለኪያ ከጾታ ወደ ብቃት ያዛውረዋልና።

፯ የመጨረሻዎቹ ዓመታትና የታሪክ ሰዎች ክርክር

በዚያው በ1691 ለኦአሃካ ካቴድራል ስለ ቅድስት ካተሪና መዝሙር ጻፈች፤ የግብጽን ጠቢባን በክርክር የረታች ሴት በቤተ ክርስቲያን ተወደሰች። ከዚህ በኋላ ግን ጊዜው ከበደ። በ1692 በእህል እጥረት ምክንያት በሜክሲኮ ከተማ ዐመፅ ተነሥቶ የእንደራሴው ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። ወዳጇ ኰንቴሷ ቀደም ብላ በ1688 ወደ እስፓንያ ተመልሳ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ፍራንሲስኮ አጊያር ኢ ሴይሃስ ለቲያትርና ለሴቶች ባለው ጥላቻ የታወቀ ሰው ነበር። ኑኜስ እንደ ገና የንስሐ አባቷ ሆነ። በ1694 ሁዋና መሓላዋን አድሳ በደሟ ፈረመች፤ መጻሕፍቷና የሙዚቃና የሳይንስ መሣሪያዎቿ ተሸጠው ገንዘቡ ለድኾች ተሰጠ። በሚከተለው ዓመት ወረርሽኝ ገዳሙን ሲመታ የታመሙትን እኅቶች ስታስታምም ታማ ሚያዝያ 17 ቀን 1695 ዐረፈች። ለፊሎቴያ የጻፈችው መልስ በሕትመት የወጣው ከሞተች በኋላ በ1700 ነው።

ስለዚህ መጨረሻ ሁለት አሳብ አለ። ካዬኻና ተከታዮቹ በፈቃዷ ዓለምን ንቃ ወደ ቅድስና የተመለሰች አድርገው ጽፈዋል። የሜክሲኮው ባለቅኔ ኦክታቪዮ ፓስ ደግሞ በ1982 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፥ ረዳቶቿን ያጣች ሴት በካህናት ጫና ዝም እንድትል መደረጓን አስረድቷል። በደም መፈረምና ራስን ከሁሉ የከፋሁ ነኝ ብሎ መጥራት በዚያ ዘመን ገዳማት የተለመደ አነጋገር ስለ ነበረ፥ ሰነዶቹ ብቻቸውን ለአንዱም ወገን በቂ ማስረጃ አይሆኑም። በሌላ በኩል ለፖርቱጋል መነኩሲቶች የጻፈቻቸው እንቆቅልሾች በ1695 ቀን በተጻፈበት የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ይህም ስሟ እስከ መጨረሻ ድረስ ባሕር ማዶ ካሉ ሴቶች ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት የጫናውን አሳብ የሚያጠነክረው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። በ1691 ማጥናት ከእግዚአብሔር የተሰጠኝ ዝንባሌ ነው ብላ በጽሑፍ የመሰከረች ሴት፥ በሦስት ዓመት ውስጥ ቤተ መጻሕፍቷን ስትለቅ፥ በመካከሉ የተለወጠው የክርክሩ ይዘት ሳይሆን በዙሪያዋ ያለው የሥልጣን ሁኔታ ነው። ለመልሷ የሚመጥን መልስ በጽሑፍ የሰጣት የለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ሁዋና የዘመኗን የወንድና የሴት ድርሻ በሦስት ደረጃ ተቃውማለች። በወቀሳው ግጥም የወንዶች ፍርድ ለራሳቸው ያደላ መሆኑን አሳየች። በ«ሕልም» የሴት አእምሮ በዓለም ሁሉ ላይ እንዲመላለስ አደረገች። በመልሷ ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን ትውፊት ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንብባ አስረዳች። ሦስቱም የተሠሩት በቆዩ መሣሪያዎች ነው፤ በስንኝ፥ በአመክንዮና በመጻሕፍት ጥቅስ።

ስለዚህ የሴቶች መብት ተከራካሪ የሚለው ስም በዛሬው ፍቺው ሁሉ ባይስማማትም በዋናው ነገር ይስማማታል። ዛሬ የሳን ሄሮኒሞ ገዳም በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በ2020 በወጣው የሜክሲኮ የ100 ፔሶ ኖት ላይም ምስሏ አለ። የወንድ ልብስ ለብሳ እንኳ እንዳትገባበት የተከለከለችው ትምህርት በገዳሟ ግቢ ውስጥ ለወንዶችም ለሴቶችም ይሰጣል። ትውፊት ሴትን ዝም ያሰኛል ተብሎ ሲነገር፥ የትኛው ትውፊት፥ ማንስ ያነበበው ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። ሁዋና ይህን ጥያቄ በ1691 ጠይቃዋለች፤ በሌሎች አገሮችና በሌሎች ገዳማት የተጻፉትን የሴቶች ጽሑፎችና ገድላትም በዚሁ ጥያቄ መመርመር ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ይመስለናል።